በጋሼ ተካልኝ ስም የሰፋኋቸው ጌጦች

ባለፈው ቅዳሜ የትንሿ ልጄ ትምህርት ቤት ወላጆችን ለገና ጌጥ ሥራ ጠርቶን ነበር። በስፖርት አዳራሹ ውስጥ ረጃጅም ጠረጴዛዎች ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ወንበር ፊት አንዳንድ የላስቲክ ከረጢት ተቀምጧል። ከረጢቱ ውስጥ በኮከብ ቅርጽ የተቆረጠ ፌልት የሚባለው ወፍራም ጨርቅ፣ መርፌ፣ ክር፣ ጥቃቅን ዶቃዎችና ሲክዊን የሚሏቸው እንደ ዓሣ ቅርፊት የሚያብረቀርቁ ክቦች አሉ። መምህሯ «መርፌ ይዛችሁ የማታውቁም አትፍሩ፣ ለጀማሪ የተዘጋጀ ነው» እያለች ታስረዳለች። አስረድታ ሳትጨርስ፣ ጎረቤቶቼ ገና ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ለማሳለፍ ሲታገሉ፣ እኔ የኮከቡን አንድ ጫፍ ሞልቼዋለሁ። ሳላስበው ነው። እጄ መንገዱን ያውቀዋል።

ከአጠገቤ የተቀመጠች እናት አየት አድርጋኝ «የት ተማርሽው?» አለችኝ።

«ከአንድ ልብስ ሰፊ» አልኳት።

ሌላ አልጠየቀችኝም። ልጄ ግን በኩራት ኮከቤን ይዛ ለጓደኞቿ ልታሳይ ሄደች። እኔ ራሴን አሞኛል ብዬ ወጣሁና መኪናዬ ውስጥ ገብቼ፣ ሞተሩን ሳላስነሳ ብዙ ቆየሁ።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። ከእናቴ ጋር ከአገር ወጥተን ካልጋሪ ወደምትባለው የፈረንጅ ከተማ ከገባን ሁለት ዓመት ሆኖን ነበር። እኔ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ የኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ስለዚያን ጊዜዋ ሶስና፣ ስለ ራሴ ማለቴ ነው፣ አንድ ነገር አስቀድሜ ካልተናገርኩ የቀረው አይገባም፤ «ጎበዝ» መባል እንደ ምግብ ይርበኝ ነበር። መምህር አንድ ምዕራፍ አንብቡ ካለ ሁለት አነባለሁ። ማስታወሻዬን በሦስት ቀለም ነው የምጽፈው። የአውቶቡስ ሾፌር «መልካም ቀን» ሲለኝ እንኳ በደንብ መመለስ አለመመለሴን እቤት እስክገባ አስበዋለሁ። ስለዚህ የኮሌጁ አማካሪ «ነርሲንግ መግባት ከፈለግሽ ሆስፒታል ቮለንቲር ብታደርጊ፣ በነፃ ብታገለግዪ፣ ይጠቅምሻል» ስትለኝ በማግስቱ ሄጄ ተመዘገብኩ። አማርኛ የሚያስተረጉም ሰው ይፈልጉ ኖሮ ወዲያው ወደ ማገገሚያው ክፍል ወሰዱኝ።

ጋሼ ተካልኝን ያገኘኋቸው እዚያ ነው። ስልሳ ስድስት ዓመታቸው ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ የሆስፒታሉን ሰማያዊ ካባ እንኳ ኮሌታውን አስተካክለው የሚለብሱ ሰው ናቸው። አዲስ አበባ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ሠላሳ ስምንት ዓመት የወንድና የሴት ልብስ ሰፍተዋል። ልጃቸው ብርሃኑ ካመጣቸው ወዲህም በአንድ ላውንደሪ ቤት ሱሪ ያሳጥሩ ነበር። በጥቅምት አንድ ማለዳ ስትሮክ መታቸው። እግራቸው ቶሎ ተመለሰ፤ አፋቸውም ተፈታ። ቀኝ እጃቸው ግን ጭናቸው ላይ ሌላ ሰው ረስቶት የሄደ ዕቃ መስሎ ተቀመጠ።

«የማን ልጅ ነሽ?» ነበር የመጀመሪያ ጥያቄያቸው። ነገርኳቸው። አሰብ አድርገው፣ «አላውቀውም» አሉ። «ደግ ነው። በዚህ ሁኔታዬ የማያውቀኝ ሰው ቢያየኝ ይሻላል።»

የእጅ ሥራ የምታሠራቸው ቴራፒስት ሊንዳ ትባላለች። ቀይ ጸጉር ያላት፣ ጮክ ብላ የምትስቅ፣ ሥራዋን የምትወድ ሴት ነበረች። በመጀመሪያው ቀን አስቀምጣን በግልጽ ነገረችን። ከስትሮክ በኋላ ዋናዎቹ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ናቸው፤ ጭንቅላት እጅን እንደገና የሚማረው በዚያ ጊዜ ነው፤ ካለፈ በኋላ የሚገኘው ጥቂት ነው። እስከ ፈረንጆቹ ገና በቂ መሻሻል ካልታየ ከካልጋሪ ውጭ ኦኮቶክስ የምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ወዳለ ማገገሚያ ለስምንት ሳምንት ይዛወራሉ፤ እዚያ በየቀኑ ያሠሯቸዋል።

አንዲት ቃል ሳላጎድል ተረጎምኩላቸው።

«ሦስት ወር?» አሉ። «እኔ ሙሉ ልብስ በአራት ቀን አደርስ እንደነበር ንገሪያት።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እበረታለሁ ይላሉ» አልኳት ለሊንዳ። ሊንዳ ደስ አላት። ጋሼም እሷ ደስ ሲላት አይተው የተናገሩት የደረሰ መሰላቸው። ሁለቱም ደስ ሲላቸው እኔም ደስ አለኝ። የጥፋቴ መጀመሪያ ይህ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሊንዳ ከወጣች በኋላ ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ኦኮቶክስ ያለችው ሽማግሌ የሚጣልበት ቤት ነው አይደል?»

«አይደለም ጋሼ፤ ሆስፒታል ነው። እጅዎን የሚያሠሩበት ነው።»

«ልጄ፣ አህያ ሲያረጅ «ሣር ወዳለበት እንልቀቀው» ነው የሚባለው። ጅቡን ማንም አይጠቅሰውም።»

ብርሃኑም ከዚህ የተለየ አላሰበም። ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር መጋዘን ውስጥ የማታ ሺፍት ይሠራል። ጠዋት ከሥራ ሲወጣ ወደ ቤቱ ሳይሄድ በቀጥታ ሆስፒታል ይመጣል፤ ሽሮውን በፔርሙዝ ይዞ፣ ጫፉ ብረት የሆነውን የሥራ ጫማውን እንዳደረገ። አባቱን ካጎረሰ በኋላ ወንበሩ ላይ ያንቀላፋል። «ኦኮቶክስ በበረዶ፣ ያውም ሌሊቱን ሠርቼ፣ በየቀኑ እንዴት እመላለሳለሁ?» አለኝ አንድ ቀን ኮሪደር ላይ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ደግሞስ ሰው ምን ይለኛል? አባቱን ወስዶ ጣለው አይሉም?»

በኅዳር መጀመሪያ ሊንዳ ያንኑ ዓይነት ከረጢት ይዛ መጣች። ውስጡ የኮከብ ጨርቅ፣ ዶቃና ሲክዊን ነበረበት። አሠራሩን አሳየችን። መርፌውን ከጨርቁ ጀርባ ታወጪና በሲክዊኑ ቀዳዳ ታሳልፊያለሽ፤ አንዲት ዶቃ ታስገቢና መርፌውን በዚያው በሲክዊኑ ቀዳዳ መልሰሽ ታወርጂዋለሽ። ዶቃዋ በቀዳዳው ስለማታልፍ ሲክዊኑን እንደ ቁልፍ ይዛ ታስቀረዋለች። የሥራው ጥቅም ግን ጌጡ አልነበረም፤ ዶቃዋን በቀኝ አውራ ጣትና በሌባ ጣት ማንሳቱ ነው። በየቀኑ ሃያ ዶቃ፣ አልጋቸው ላይ ሆነው፣ ያለ እሷ። በየዓርቡ አንድ ጌጥ ያልቃል፤ ስማቸው ተጽፎበት የክፍሉ የገና ዛፍ ላይ ይሰቀላል።

እሷ ስትወጣ ጋሼ ከረጢቱን በግራ እጃቸው ወደ ብርሃን አነሱት። «ላዩ ላይ ምን ይላል?»

በትልቁ «ለጀማሪዎች፤ ከስምንት ዓመት በላይ ለሆኑ» ይላል። አፈርኩላቸው። «ለ... ለባለሙያ ነው የሚለው ጋሼ።»

«ስምንት ቁጥሯን አያታለሁ እኮ» አሉ። «ቁጥር በእንግሊዝኛም ቁጥር ነው።» ሁለታችንም ሳቅን። ሲስቁ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው።

ሳቁ ግን አልቆየም። ዶቃዎቹን ፎጣ ላይ አፈሰስኩላቸው። የቀኝ እጃቸው ጣቶች እየተንቀጠቀጡ ወረዱ፤ አንዷን ነካ አደረጓት፤ ሸሸች። እንደገና ነኩ፤ ሸሸች። ሦስተኛዋን ሊይዙ ሲሉ እጃቸው ፎጣውን ጎትቶ ዶቃው በሙሉ ወለሉ ላይ ተበተነ። ጥቃቅን ዶቃ ሆስፒታል ወለል ላይ ሲፈስ ድምፁ እንደ ምስር ነው። አልጋው ሥር ገብቼ እየተንፏቀቅኩ ለቀምኩ። ስወጣ አንገታቸው ላይ ላብ ወርዷል። በአርባ ደቂቃ ውስጥ ሦስት ሲክዊን ሰፉ፤ ሦስቱም ተንጋደው፣ ክሩ እየተንዘላዘለ።

ሥራቸውን ለረጅም ጊዜ አዩት። «ዶሮ የጫረችው ይመስላል» አሉ። ከዚያ ጨርቁን ወደ እኔ ገፋ አድርገው፣ «ጨርሺው።»

«ጋሼ፣ ሊንዳ እኮ ራስዎ...»

«ዛፍ ላይ ሰቅላ ስሜን ልትጽፍበት ነው። እኔ ሙሽራ ያለበስኩ ሰው ነኝ። ሰው ፊት አታዋርጂኝ፣ በእናትሽ።»

ወሰድኩት። አስተዳደጌ ነው ማለት ይቀለኛል። እናታችን ትልቅ ሰው ውኃ አምጪ ሲል ለምን አይባልም እያለች ነው ያሳደገችን። ሽማግሌ ለምኖሽ፣ ያውም በእናትሽ ብሎሽ፣ እንቢ ማለት ጥፊ እንደ ማቅመስ ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን ሌላም አለ። የመጀመሪያዋን ረድፍ ጨርሼ ሳሳያቸው «ተባረኪ» አሉኝ። ለዚያች ቃል ስል ሌላ መቶ እሰፋ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራችን ወግ ያዘ። ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት በኋላ በአውቶቡስ እመጣለሁ። እሳቸው ለወጉ ያህል ሁለት ሦስት ዶቃ ይሞክራሉ፤ ላባቸው ይወርዳል፤ ከዚያ ጨርቁን ወደ እኔ ይገፉታል። እኔ እሰፋለሁ፤ እሳቸው ያርማሉ። መምህርስ እንደ እሳቸው አላየሁም።

«ክርሽን ከክርንሽ አታስረዝሚው። ረጅም ክር የሰነፍ ነው፤ ይተበተባል።»

«ክሩን ምራቅ አታስነኪው፤ መርፌዋን ነው ቀዳዳዋ ላይ ማርጠብ።»

«አታጥብቂ! ጨርቁን አነቅሽው እኮ፤ ምን አደረገሽ?»

ዶቃ እንዳይንከባለል እርጥብ ፎጣ ላይ ማፍሰስ፣ ክሩን በሰም ማሸት፣ ሲክዊኑን ጎድጓዳው ወደ ላይ እንዲሆን አድርጎ ማስቀመጥ፣ ይህን ሁሉ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሰሙን ብርሃኑ ከቤተ ክርስቲያን ጧፍ ቆርሶ አመጣላቸው። ከሁሉ በላይ የተጣላንበት ቋጠሮ ነበር። እኔ ክሩን ጀርባው ላይ ቋጥሬ እጨርሳለሁ። እሳቸው ገልብጠው ሲያዩት ፊታቸው ይቀየራል። «ቋጠሮ የሚቋጥር ኮሌታ ያለው ልብስ ሰፍቶ አያውቅም። ሦስት ጥቃቅን ስፌት በዚያው ቦታ፣ ከዚያ ቁረጪ።»

በነቢያት ጾም ነበር። ነርሶቹ ዶሮና ወተት ያመጡላቸዋል፤ እሳቸው ድንቹን ብቻ ከበርበሬ ጋር ይበላሉ። በርበሬው ያለው በመድኃኒት ጠርሙስ ውስጥ ነው፤ ብርሃኑ ነው ያመጣላቸው። አንዷ ነርስ ጠርሙሱን አንስታ ልታሸት ብላ ሲያስነጥሳት፣ ጋሼ ፊታቸውን ሳይለውጡ «ለእጄ ነው በያት» አሉኝ። አንድ ቀን ደግሞ ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ከተራሮቹ በኩል ነፈሰ። ከዜሮ በታች ሃያ ዲግሪ የደረሰው ብርድ በአንድ ሌሊት ተገፎ፣ ከጣሪያው የተንጠለጠለው በረዶ ቀኑን ሙሉ ሲንጠባጠብ ዋለ። መስኮቱን ትንሽ ከፈትኩላቸው። እርጥብ መሬት ሸተተን። «ክረምት ሲወጣ ነው የሚመስለው» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያን ቀን ደወል ቅርጽ ያለውን ሦስተኛውን ጌጥ ጨረስኩ፤ ጀርባው ላይ አንድም ቋጠሮ አልነበረም።

ለምን እንደ ደስታ ጊዜ እንደማስታውሰው አላውቅም። ቀኖቹ እያለፉ ነበር። ሦስቱ ወራት እያለፉ ነበር። ይህን ከሊንዳ አፍ የሰማሁትና የተረጎምኩት እኔ ነኝ። ግን ዛሬ አንድ ቀን ነው፣ ከነገ ወዲያ ራሳቸው ይሠራሉ እያልኩ፣ አንድ ቀን በአንድ ቀን ላይ እየደረብኩ ሄድኩ።

ሊንዳ ግራ የተጋባችባቸው ቀኖች ነበሩ። ማሠሪያ ክፍሏ ውስጥ ፊቷ ሲሠሩ ጋሼ ከአምስት ዶቃ አንዷን ቢያነሱ ነው። «ማታ እንዲህ የሚሰፉ ሰው እኔ ፊት ምን ይሆናሉ?» አለችኝ።

ሳላስብ ከአፌ ወጣ። «ባህላችን ነው። ሴት ፊት ያፍራሉ።»

እሷ በአክብሮት ራሷን ነቀነቀች፤ ማስታወሻዋ ላይም ጻፈች። ጋሼ «ምን አልሻት?» አሉኝ። ስነግራቸው በግራ እጃቸው አፋቸውን ይዘው እስኪያስላቸው ሳቁ። «እኔ ነኝ ሴት የማፍረው? የተክለ ሃይማኖትን ሴት ሁሉ ወገብ የለካሁት?»

ጋሼ ኦኮቶክስ ይሂዱ አይሂዱ የሚወሰንበት ስብሰባ በታኅሣሥ፣ ከፈረንጆቹ ገና አምስት ቀን አስቀድሞ ነበር። በትንሽ ክፍል ውስጥ አንድ ሐኪም፣ ሊንዳ፣ ጋሼ፣ ብርሃኑና እኔ ተቀመጥን። ብርሃኑ ከሺፍት እንደወጣ ነው የመጣው፤ ዓይኑ ቀልቷል። በዚያ ዓመት በየሆስፒታሉ አልጋ ይቀነስ ስለነበር ሐኪሙ ደጋግሞ ሰዓቱን ያያል። ሊንዳ ጌጦቹን ከዛፉ ላይ አውርዳ ይዛ መጥታ ነበር። ጠረጴዛው ላይ በተሠሩበት ተራ ደረደረቻቸው፤ ኮከብ፣ ጓንት፣ ደወል፣ ጥድ፣ መልአክ።

እንደዚያ በአንድ ላይ ተደርድረው አይቻቸው አላውቅም ነበር። የኮከቡ ሲክዊኖች ተንጋደዋል፤ ጨርቁም ተሸብሽቧል። ጓንቱ ትንሽ ይሻላል። ደወሉ ላይ ረድፉ ቀጥ ብሏል። ጥዱ ንጹሕ ነው። መልአኩማ ክንፎቹ ላይ ሲክዊኖቹ እንደ ጣሪያ ክዳን አንዱ በሌላው ላይ ተደርበው፣ ገበያ ላይ ቢወጣ ሰው የሚሻማበት ሥራ ነው።

«እዩት እንግዲህ» አለች ሊንዳ ለሐኪሙ። «አምስት ሳምንት። በዐሥራ አንድ ዓመት ሥራዬ እንዲህ ዓይነት ለውጥ አላየሁም።»

ለውጡ እውነተኛ ነበር። እጁ ነው እንጂ የኔ የሆነው። ጋሼ ባስተማሩኝ ቁጥር የኔ ጣቶች ተማሩ፤ የኔ እጅ በየሳምንቱ ተሻለው። ሊንዳ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ደርድራ ያሳየችው የኔን መሻሻል ነበር።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ጠይቂልኝ። ሪፖርቱ ላይ ስለምጽፈው እርግጠኛ መሆን አለብኝ። ይህን ሁሉ በቀኝ እጃቸው፣ ራሳቸው ናቸው የሠሩት? ከሆነ ኦኮቶክስ አያስፈልጋቸውም፤ ቦታውን ለሌላ ሰው እንሰጣለን። ለበዓል ቤታቸው ይገባሉ።»

ተረጎምኩ፤ ሁሉንም፣ ስለ ቦታውም ጭምር። ጋሼ ጌጦቹን ሳይሆን እኔን አዩኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ምን እንደሚሉ እንዳላወቁ ገባኝ።

«አንቺ የምታውቂውን ንገሪያት» አሉ።

ብርሃኑን አየሁት። እጆቹን ጉልበቶቹ መካከል አጣብቆ ወደ ፊት ጎንበስ ብሏል፤ በቀሉት ዓይኖቹ ያየኛል፤ ፈገግ ለማለት የተዘጋጀ ፊት ነበር። ሊንዳም እንደዚያው። ያንን ሁሉ ፊት በአንድ ቃል ማጥፋት እችል ነበር።

«አዎ፣ ራሳቸው ናቸው» አልኩ።

ብርሃኑ አለቀሰ። ሊንዳ ስትወጣ ኮሪደር ላይ አቅፋኝ፣ ለኮሌጁ የድጋፍ ደብዳቤ እንደምትጽፍልኝ ነገረችኝ። ጻፈችልኝም። ነርሲንግ የገባሁት በዚያ ደብዳቤ ጭምር ነው።

የኛን ገና ሞንተሬይ ፓርክ በሚባለው ሰፈር፣ በብርሃኑ ቤት አከበርን። እናቴም ነበረች። ዶሮ ወጡ ተሠርቷል፤ አይቡ ቀርቧል፤ ደጅ በረዶው እስከ መስኮቱ ሥር ደርሷል። ጋሼ ክራቫት አስረው ነበር፤ ያሰረላቸው ብርሃኑ ነው። ትሪው ሲቀርብ ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አለ፤ በግራ ደግሞ ከሰው ጋር አይበሉም። ብርሃኑ አጎረሳቸው፤ ሚስቱ አጎረሰቻቸው፤ እናቴ «ኧረ የኔንም» ብላ አጎረሰቻቸው። በዓል ስለሆነ ፍቅር መሰለ። እሳቸው ግን ከአራተኛው ጉርሻ በኋላ «ጠገብኩ» አሉ።

ከምግብ በኋላ ብርሃኑ ሊቀመጥ ሲል የሸሚዙ ቁልፍ ተንጠልጥላ አያት። ፊቱ በራ። «አባባ!» አለ፤ ለእንግዶቹም ጭምር ድምፁን ከፍ አድርጎ። «እስቲ ይህችን ያዝልኝ። ሆስፒታል ያን ሁሉ መልአክ የሰፋህ ሰውዬ!» ሚስቱ መርፌና ክር አመጣች። ሁሉም ዞሮ አየ። ሸሚዙን አውልቆ ጭናቸው ላይ አደረገላቸው።

ጋሼ መርፌዋን በግራ ተቀብለው ወደ ቀኝ ሊያሳልፏት ሞከሩ። ወደቀች። ምንጣፉ ላይ ስለወደቀች ድምፅ እንኳ አላሰማችም። እኔ ሰሐን ይዤ ቆሜአለሁ።

ጋሼ ቀና አሉና ረጋ ባለ ድምፅ፣ «በበዓል ቀን መርፌ አልይዝም» አሉ። «በልደት ቀን ይሰፋል እንዴ?»

«እውነት ነው፤ ይቅር በለኝ አባባ» አለ ብርሃኑ ደንግጦ። እናቴም «በዓል እኮ ነው፤ ምን ነካህ?» አለችው። ጨዋታው ቀጠለ። ለአንድ ቀን መሸሸጊያ አገኙ፤ ነገ ግን በዓል አልነበረም።

ልንሄድ ስንል በሩ አጠገብ ጫማዬን ሳስር መጥተው ቆሙ። «ሶስና፣ ያቺን ሴት ደውዪላት» አሉኝ በሹክሹክታ። «ኦኮቶክስም ቢሆን እሄዳለሁ በያት። ስምንት ሳምንትም ቢሆን፣ ሌላም ቢሆን።»

በማግስቱ ከኮሌጁ ኮሪደር ስልክ ደወልኩ። ሊንዳ ድምፄን ስትሰማ ደስ አላት። እጃቸው እንደገና እንደደከመባቸው ነገርኳት። ፋይላቸው ተዘግቷል አለችኝ፤ የኦኮቶክሱ ቦታ ለሌላ በሽተኛ ተሰጥቷል፤ እንደ አዲስ በቤተሰብ ሐኪም በኩል ማመልከት አለባቸው፤ ወረፋው እስከ ሚያዝያ ይደርሳል። «አይዞሽ» አለችኝ፤ «ያን ያህል የተመለሰ እጅ በቤት ውስጥ ልምምድ ይበረታል። ሪፖርቴ ላይ በደንብ ጽፌዋለሁ።»

እውነቱን የምናገርበት ጊዜ ያ ነበር። ሪፖርቱ ሐሰት ነው፤ እጃቸው ከመጀመሪያም አልተመለሰም፤ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ምናልባት ወረፋውን ታሳጥርልን ነበር። ምናልባት አታሳጥርም ነበር። እኔ ግን ያሰብኩት ደብዳቤውን የጻፈልኝን እጇን ነው። አመስግኛት ስልኩን ዘጋሁ። ለጋሼም «ወረፋ አለ» አልኳቸው። እሱ እውነት ነበር።

በሚያዝያ ሌላ ቴራፒስት መርምሯቸው፣ አሁን የቀረው እጃቸውን ባለበት መጠበቅ ነው አለ። የተረጎምኩት እኔ ነኝ። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። ብርሃኑ «ቤት ስናመጣው ደህና ነበር እኮ፤ ብርዱ ነው የመለሰበት» ይላል። ዛሬም እንደዚያ ነው የሚያምነው።

ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖሩ። ቀኝ እጃቸውን የኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተው ስለሚሄዱ፣ የማያውቃቸው ሰው ዘናጭ ይመስሉታል። ያንን ነገር በወሬ አንድ ጊዜ ብቻ አነሱት። በበጋ ወቅት ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ይዣቸው ስመለስ መኪናዬ ውስጥ። ካኖላ የሚሉት የዘይት እህል በቢጫ አበባ የሸፈነውን እርሻ በመስኮት እያዩ፣ ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ «ያኔ አንድ ሰው እንኳ እንቢ ብሎኝ ቢሆን» አሉ። አልጨረሷትም። የተቀረውን መንገድ ስለ ሙቀቱ አወራን።

ነርስ ከሆንኩ ሃያ ምናምን ዓመቴ ነው። በሽተኛ እያለቀሰ፣ ላቡ እየወረደ፣ «አንቺ አድርጊልኝ» ሲለኝ እጄን ከኋላዬ አድርጌ እቆማለሁ። ጨካኝ ናት ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ግን ይህን ማወቄ ለጋሼ ተካልኝ ምንም አልጠቀማቸውም። የተማርኩት እሳቸው ላይ ነው፤ መርፌውንም፣ ይህንንም። ሰው አንዳንድ ጊዜ ለጥፋት መካሻ አለው ይላል። እኔ ፈልጌ አላገኘሁትም።

ትናንት ማታ ብርሃኑ ደውሎ ነበር። ትልቋ ልጁ ልታገባ ነው። ሠርጉ ላይ ከቤተሰብ ጠረጴዛ እንድቀመጥ፣ ስለ አያቷም ጥቂት ቃል እንድናገር ፈለገ። «አባባን በመጨረሻ ጊዜው ያስደሰተችው ሶስና ናት ብዬ ለልጆቹ ነግሬያቸዋለሁ» አለኝ። ድምፁ ሲያረጅ የአባቱን መስሏል። እውነቱን ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኛል፤ ሊንዳም ጡረታ ከወጣች ቆይታለች፤ ከእንግዲህ ማንም ሰው ደብዳቤ አይጽፍልኝም።

«እመጣለሁ» አልኩት። «ደስ ይለኛል።»